ሰማያዊ የተቀባችው የጦር መኪና

መኪናዋ በሌላ ከባድ መኪና ተጎትታ አሰበ ተፈሪ የገባችው በገበያ ቀን ነበር። እኔ በእናቴ ሻይ ቤት በራፍ ላይ ቆሜ ብርጭቆ አደርቃለሁ። ከሂርና በኩል ያለውን መታጠፊያ ዞራ ብቅ ስትል ሰዉ ፍየሉንም የጫት እስሩንም እየጎተተ መንገዱን ለቀቀላት። አረንጓዴ ነበረች፣ የወታደር አረንጓዴ። ሸራዋ ተቀዳዷል፣ አንድ መብራቷ ወልቋል፣ በሯ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ።

ብርጭቆውን ጥዬ ሮጥኩ። አባቴ የጦር መኪና ሹፌር መሆኑን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ ኖሯል። ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ገና ዳዴ እል ስለነበር መልኩን የማውቀው ግድግዳችን ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው። እናቴ ዘርፈሽዋል ስለ እሱ ስጠይቃት ሁልጊዜ ያው መልስ ነበራት፤ «ግዳጁ ሲያልቅ ይመጣል» ትለኝና ፊቷን ወደ ሥራዋ ትመልሳለች። እና አሁን የጦር መኪና መጥቷል። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

መኪናዋ እየተጎተተች ስለሆነ ዝግ ብላ ነው የምትሄደው። መረገጫው ላይ ዘልዬ ወጣሁና በመስኮቱ አየሁ። መሪውን የያዘው ሰው አባቴ አልነበረም። ከግራ ጉንጩ እስከ አንገቱ ድረስ ቆዳው በእሳት ተለብልቦ የዳነ፣ ቀጭን፣ ገና ወጣት ሰው ነው።

«ውረጂ የኔ እመቤት፣ ትወድቂያለሽ» አለኝ።

«አባቴስ?»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የጀምበሩ።»

ፊቱን ወደ ፊት መለሰ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳይነቅል መኪናዋ ወደ ጓሯችን እስክትገባ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም የዚያኑ ቀን ጠላሁት።

ስሙ በላይነህ ይባላል። እናቴ መኪናዋን ጦሩ ካወጣው ጨረታ ላይ ገዝታ፣ እሱን ሹፌር አድርጋ እንደቀጠረችው ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ሙሉወርቅ ስትነግራት ሰማሁ። «ጨረታ» የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር። አባቴ መኪናውን አስቀድሞ ልኮ፣ እሱ ራሱ በኋላ የሚመጣበት መንገድ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ሙሉወርቅ ወገቧን ይዛ መኪናዋን ዞረቻት። «ዘርፌ፣ አብደሻል? ወርቅሽን ሸጠሽ ይህን የወደቀ ብረት?»

«ሻይ ቤቴ የሚውለው ሹፌር ነው። ከሻይ ሌላ የማውቀው ነገር ቢኖር የመኪና ወሬ ነው» አለች እናቴ። «ይቺን ካቆምኩ ልጄን አሳድጋለሁ።»

ጥገናው የበክሪ ድርሻ ነበር። በክሪ ከኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ጋራዥ ያለው፣ ጺሙን በሒና ያቀላ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ የሚናገር ትልቅ ሰው ነው። በየጠዋቱ መጥቶ ከመኪናዋ ሥር ይገባል፤ የሚታየኝ ሁለት እግሩ ብቻ ነው። የአሜሪካ ሥሪት ናት፤ አሜሪካኖቹ ከሄዱ ወዲህ ለሷ ዓይነት መኪና መለዋወጫ አገር ውስጥ አይገባም፤ ጦሩም የሸጣት ለዚያ ነበር። ስለዚህ በክሪ አንዱን ዕቃ ሚኤሶ ከተገለበጠ መኪና፣ ሌላውን በደሳ ከአንድ ሰው ጓሮ፣ የናፍጣ ፓምፑን ደግሞ ገለምሶ ከሚኖር ቡና ነጋዴ ለምኖ እያመጣ፣ እየሞረደ ገጠመላት። ጓሯችን በሙሉ ናፍጣና ግራሶ ሸተተ። እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ከእጇ ላይ ናፍጣ ይሸተኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ተስፋ ቆርጣ በሳጥን ላይ ተቀምጣ ሳለ በክሪ ከሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አቦ ዘርፌ፣ አትጨነቂ» አላት። «ሞተሩ ጠፋ እንጂ አልሞተም። የጠፋ ይነሳል።»

ይህን ቃል ያዝኩት። ሙሉወርቅ ለሌላ ሴት በሹክሹክታ «ባሏማ ጠፍቷል» ስትል ሰምቼ ስለነበር ሲያስፈራኝ ከርሟል። ለካ የጠፋ ይነሳል። በክሪ ደግሞ የማይዋሽ ሰው ነው።

አንዴ ብቻ ዋሽቶኛል። በሹፌሩ በኩል ባለው በር ላይ ጣቴ የሚገባባቸው ክብ ቀዳዳዎች ነበሩ። «ጋሽ በክሪ፣ ይሄን ምን በላው?» አልኩት።

ቀዳዳዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «አይጥ።»

«አይጥ ብረት ይበላል?»

«የኦጋዴን አይጥ ይበላል፣ ኢንተላ።» ልጅት ማለቱ ነው። በማግስቱ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ደፈናቸው። ብረት የሚበላ አይጥ መኖሩን ትምህርት ቤት ሄጄ ተናግሬ ልጆቹ ሲስቁብኝ ተጣልቼ ተመልሻለሁ። ምን እንደነበሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ በር ላይ ሳያቸው ነው።

በላይነህ ከበክሪ ጋር ይሠራል፣ ምሳውን ከሻይ ቤታችን ይበላል፣ በክሪ ጋራዥ ያድራል። ከእናቴ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ እኔ ስመጣ ወሬው ይቆማል። አንድ ቀን ሙሉወርቅ እናቴን ጓሮ ጠርታ፣ «ልጁ እዚህ ማዘውተሩ ደግ አይደለም። ሰው ምን ይላል?» አለቻት። እናቴ «ሰው የፈለገውን ይበል» አለች። እኔ ግን ሰው የሚለውን ተረዳሁ። ይሄ ሰውዬ የአባቴን ቦታ ሊወስድ መጥቷል። ስለዚህ የሹፌሩን ወንበር በገላ ሳሙናዬ አጠብኩት፤ ያረጀ ነጠላም አለበስኩት። ማንም እንዳይቀመጥበት፣ በተለይ እሱ።

ሞተሩ የተነሳው አንድ ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ላይ ሳይገፈፍ ነው። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ግቢውን በሙሉ አንቀጠቀጠው። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። በክሪ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ የራሱን ጭንቅላት በመፍቻ መታ መታ አደረገ። እናቴ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። በላይነህ መሪው ላይ ሆኖ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ የተቃጠለው ጉንጩ ስለማይታጠፍ ሳቁ በአንድ ወገን ብቻ ነበር።

ነጠላዬ ላይ ተቀምጧል። መረገጫው ላይ ወጣሁና በሩን ከፈትኩ። «ተነስ» አልኩት። «የአባቴ ቦታ ነው።»

«አይናዲስ!» እናቴ ከመሬት ብድግ አለች።

«ተያት እትዬ» አለ በላይነህ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። «እውነቷን ነው።» ሞተሩ እየሠራ ትቶት ወረደ፤ በብብቴ ይዞ አነሳኝና ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ሞተሩን ለማሞቅ በመጣ ቁጥር እኔን አስቀምጦ እሱ በር ላይ ቆሞ ፔዳሉን በእጁ እየተጫነ ነዳጅ ይሰጥ ነበር። ያሸነፍኩት መስሎኝ ኮራሁ።

ቀጥሎ የመጣው የማስመዝገቡ ሥራ ነው። መኪናዋ በእናቴ ስም ሊብሬ እንዲወጣላትና ታርጋ እንድታገኝ የወታደር ቀለሟ መጥፋት ነበረበት። በክሪና በላይነህ አረንጓዴውን በብረት ብሩሽ ፋቁት፣ በሯ ላይ ያለውን ነጭ ቁጥርም ፋቁት። ቁጥሩ ሲጠፋ አለቀስኩ። አባቴ በምን ያውቃታል?

«ምን ዓይነት ቀለም ብንቀባት ከሩቅ ትታያለች?» አለኝ በላይነህ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ።

ልመልስለት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ጉዳዩ የአባቴ ነው። «ሰማያዊ» አልኩት። ሰማያዊ ተቀባች። እኔ ስለመረጥኩ መስሎኝ ኖሬ ነበር፤ በክሪ ከማረፉ በፊት ስንገናኝ «በከተማው የተገኘው ቀለም እሱ ብቻ ነበር» ብሎ አሳቀኝ።

ወደ ሐረር በጊዜያዊ ሰሌዳ ሄድን፤ እናቴ፣ እኔና በላይነህ። የመመዝገቢያው ቢሮ ሠራተኛ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው ነበር። ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሎ የሻንሲ ቁጥሯን በጠመኔ አደመቀና አነበበ፣ ፍሬኗን አስያዘ፣ መብራቷን አስበራ። የጨረታውን ደረሰኝ ከቁጥሩ ጋር አስተያየ። ሁሉም ልክ ነበር። ቢሮው ውስጥ ገብተን እናቴ ስሟን ስትናገር እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ «ባለትዳር ነዎት?» አላት።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ባለቤትዎ መጥተው ይፈርማሉ። የጋራ ንብረት ስለሆነ።»

«መምጣት አይችልም።»

«ታመዋል?»

«አልታመመም።»

ሰውየው ቀና አለ። እናቴ እኔን አየችኝ። እንደዚያ ስታየኝ ግራ ገብቷት መልስ የምትፈልግ መሰለኝና እኔ መለስኩላት። «ግዳጅ ላይ ነው። ሲመጣ ይፈርማል» አልኩት ሰውየውን።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በላይነህ ትከሻዬን ይዞ «ነይ ጎማዎቹን እንያቸው» ብሎ አወጣኝ። በመስኮቱ አየኋቸው። ሠራተኛው መነጽሩን አውልቆ ለእናቴ ቀስ ብሎ ይነግራታል፤ እሷም መሬት መሬት እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። የከለከላት መሰለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። ያን ቀን ሰውየው ፍርድ ቤት ሄዳ ምን ብላ ማመልከት እንዳለባት አስረድቷት፣ የእሱም ታናሽ ወንድም እንደ አባቴ ወሬው እንደጠፋ ነግሯት ነበር።

ስንመለስ እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ሳንጎላጅ ቁልቢ ላይ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ስታማትብ ነቃሁ።

«በላይነህ» አለች። «ትመሰክርልኛለህ?»

«እሺ በይኝ ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፣ እትዬ።»

ስለ መኪናዋ የሚያወሩ መሰለኝ፤ መልሼ ተኛሁ።

ፍርድ ቤት የሄዱ ቀን እኔ ከሙሉወርቅ ጋር እንድቆይ ተነገረኝ። ሙሉወርቅ ቡና ልትገዛ ስትወጣ አመለጥኳትና ተከትዬአቸው ሄድኩ። የፍርድ ቤቱ መስኮት ዝቅ ያለ ነው። ሰው ተጠጋግቶ በቆመበት ክፍል ውስጥ በላይነህ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የወታደር ድምፅ ነበር።

«መሪውን የያዘው እሱ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አለ። «ከመኪናው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ከጓዶቻችን ጋር ሆነን ቀበርነው። ቦታውን አውቀዋለሁ።»

ዳኛው ጻፈ። ሌላም ሰው ተጠየቀ። ከዚያ ዳኛው ያነበበውን አብዛኛውን ቃል አልተረዳሁትም፤ «አቶ ጀምበሩ» እና «መሞታቸው» የሚሉት ግን ገቡኝ። እናቴ አልተቃወመችም። ራሷን ነቀነቀች።

ያኔ የታየኝ እንዲህ ነው። ፊቱ የተቃጠለው ሰውዬ አባቴ ሞቷል አለ፣ ዳኛው እሺ አለ፣ እናቴም ለመኪና ብላ ተስማማች። እዚያ ክፍል ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አባቴ ደህና ነበር። እነሱ ናቸው የገደሉት።

እየሮጥኩ ቤት ደረስኩና መኪናዋ ውስጥ ገብቼ በሮቹን ቆለፍኩ፣ የመስኮቱን እጀታ ጠመዘዝኩ። የአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሪውን አቀፍኩት። በመስኮቱ አይቶኝ ኖሮ በላይነህ እያለከለከ መጣና መረገጫው ላይ ቆመ። መስኮቱ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም ነበር፤ በክሪ ሊያስተካክለው ሲል ሰንብቷል።

«ሂድ» አልኩት። «የአባቴ መኪና ናት።»

«አይደለችም፣ አይናዲስ።» ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። «የአባትሽ መኪና ተቃጥላለች። ይቺን አባትሽ አይቷትም አያውቅም። ይሄ ፊቴ የተቃጠለው እሱን ከዚያ ሳወጣ ነው። በሩ አልከፈት ብሎኝ ነው።»

ፊቱን አየሁት። ያን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር።

«እዚያው ጥዬው አልመጣሁም» አለ። «ይሄን እንድታውቂልኝ ነው። አልተውኩትም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እናትሽ እስክትፈቅድልኝ ነው የጠበቅሁት።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

መልስ የሰጠችኝ እሷ ነበረች። መቼ እንደደረሰች አላየሁም፤ ከበላይነህ ጀርባ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ቆማለች። «አውቅ ነበር» አለች። «ክፈችልኝ።»

ከፈትኩላት። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችው።

በላይነህ ከሆስፒታል ወጥቶ መጀመሪያ የመጣው ወደ እሷ እንደነበር የሰማሁት እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ከጦሩ የመጣ መርዶ ስላልነበረ ለቅሶ መቀመጥ አልቻለችም። በዚያ ጊዜ ያለ መርዶ ማልቀስ ወሬ መንዛት ይባል ነበር፤ ሰው ለዚህ ታስሯል። «ደግሞም አንቺ በየቀኑ በራፍ ላይ ትቆሚ ነበር» አለችኝ። «ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ።» እንባዋን ሁሉ ጓዳ ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጠች ነው የጨረሰችው። የመመዝገቢያው ቢሮ ፊርማ ሲጠይቃት ነው እግዜር በሕግ የምታለቅስበት መንገድ የከፈተላት የመሰላት።

የዚያን ቀን ከሰዓት ግቢያችን ሞላ። ድንኳን የለንም፤ በላይነህና በክሪ የመኪናዋን ሸራ ከጎኗ ወጥረው ጥላ ሠሩ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነው የመጡት። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከተማው ከእናቴ ጋር ሆኖ ዝም ብሎልኝ ኖሯል።

ሙሉወርቅ እናቴን አቀፈቻት። «በይ እንግዲህ አልቅሺ፣ ዘርፌ። አሁን ማንም ምንም አይልሽም።»

እናቴም አለቀሰች። ነገሩን የዚያኑ ጠዋት እንደሰማ ሰው፣ ስሙን እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች። ቀድማ ካወቀች ለምን እንደዚህ ታለቅሳለች ብዬ ግራ ገባኝ። በክሪ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ሸራው ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ለአባቴ ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ በክሪ ወደኔ መጣና ራሴን ዳሰሰኝ። «የጠፋ ይነሳል ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

አጠገቤ ቁጭ አለ። «ስለ ሞተር ነበር የተናገርኩት፣ ኢንተላ» አለ። «አንቺ እንደምትሰሚኝ አላወቅሁም።»

ሊብሬው ከክረምቱ በፊት ወጣ። ባለመነጽሩ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ እንደሰጣት አስታውሳለሁ፤ እናቴ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ተቀበለችው። በላይነህ ታርጋውን ራሱ በብሎን አሰረው።

የመጀመሪያው ጭነት አብዱልቃዲር የሚባል የእህል ነጋዴ ያስጫነው ማሽላ ነበር፤ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ። እናቴ «ዛሬ አብረን እንሄዳለን» ብላ ሻይ ቤቱን ዘጋች። በላይነህ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ እኔን ያየኛል። ወንበሩ ላይ አልወጣም።

«ማን ሊነዳት ነው?» አልኩት።

«አንቺ ንገሪኝ።»

መኪናዋ ላይ ወጥቼ ነጠላውን ከወንበሩ አንስቼ አጠፍኩና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። «ግባ» አልኩት። «ጋሼ» ብዬ የጠራሁትም ያን ጊዜ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ሙቀቱ ከቆላው እየወጣ በመስኮት ሲገባ፣ ለረጅም ጊዜ መንገዱን እያየሁ ሄድኩ። ከዚያ ጠየቅሁት። አባቴ ሲነዳ ይዘፍናል? ይዘፍናል፣ ድምፁ ግን አያድርስ ነው አለ በላይነህ። ምን ይፈራል? እባብ ይፈራል፤ አንድ ቀን የወደቀ ገመድ አይቶ መኪና ላይ ወጥቶ አድሯል። ይቆጣል? በጠዋት ካላናገሩት አይቆጣም። ስለ እኔስ ያወራ ነበር? «ጥርስ ማብቀልሽን የነገረኝን ያህል ስለ ጦርነቱ አልነገረኝም» አለ።

አንዱን ጥያቄ ሳልጨርስ ሌላውን አመጣለሁ። ሁሉንም መለሰልኝ። አባቴ በግድግዳው ላይ ካለው ሰው እየራቀ፣ እየወፈረ፣ እየተሳሳተ፣ ሰው እየሆነ መጣ።

«ዳንስም ይችል ነበር» አለ በላይነህ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። «ማን? ጀምበሩ?» ብላ ዞረች። «በሠርጋችን ዕለት እኮ ሙሽራው ነው የኔን እግር ረግጦ እንዳነክስ ያደረገኝ። ቆይ ልንገራችሁ።» ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ደግማ ሳቀች፤ መናገር አቃታት።

ሚኤሶ ገብተን መጋዘኑ በር ላይ ስንቆም ወዛደሮቹ እየመጡ የመኪናዋን ጎን ደበደቡ። «ይውረድ? እንጀምር?» አሉ። እናቴ በወሬዋ ገና ከሠርጉ ድንኳን አልወጣችም ነበር። በላይነህ ሞተሩን አጠፋ፣ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ትንሽ እንዲታገሡ ምልክት ሰጣቸውና ወደ እሷ ዞሮ ጠበቃት።